እሺ ስል እምቢ ማለቴ ነበር

ከአደጋው በኋላ አፌ ላይ የቀረችው ቃል አንዲት ነበረች፤ «እሺ»። ውሃ ሲጠማኝ እሺ፣ ሲያመኝ እሺ፣ አልፈልግም ለማለት ስታገልም እሺ። ልናገር የፈለግሁት ሐሳብ ውስጤ ሙሉ ነበር፤ ከንፈሬ ጋ ሲደርስ ግን እሺ ሆኖ ይወጣል። እሺ ያለን ሰው ደግሞ መልሶ የሚጠይቅ የለም።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። የተወለድኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ብርዳማ ቀበሌ ነው። ሐረር ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ትንሽ አገልግዬ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አልጠየቅሁም። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ተፋታሁ፣ ልጅ አልወለድኩም። ከፍቺው በኋላ በግንብ በታጠረው በጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ አንዲት የሐረሪ እናት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ድሬዳዋና ውጭ አገር ናቸው። ከልጆቻቸው ጋር በስልክ በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፣ ከአትክልት ሻጮች ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ። በሦስቱም ይቆጣሉ።

አደጋው የደረሰው የአንድ ባልደረባችን አባት ከሐረር ወጣ ባለችው ድሬ ጠያራ አርፈው ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው። የተሳፈርንበት ባጃጅ ከፊቱ የገባች አህያ ላለመግጨት ሲጠመዝዝ ከመንገዱ ወጥቶ ተገለበጠ። አብረውኝ የነበሩት ሁለት መምህራን ቆዳቸው ተልጦ ተረፉ። እኔ በጭንቅላቴ ድንጋይ ላይ አረፍኩ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የማስታውሰው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ይወዛወዝ እንደነበር ብቻ ነው።

ጭንቅላቴ ውስጥ በግራ በኩል ደም ፈሶ ነበርና ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝ። ስነቃ ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ቀኝ እግሬ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ሆኖብኝ ነበር። አልጋዬ አጠገብ ታላቅ ወንድሜ ተቀምጧል። ዜናውን የሰማ ዕለት የእህል ወፍጮውን ዘግቶ መጥቷል። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ዓይኔን ስገልጥ አንገቴ ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። ልጠራው ፈለግሁ።

«እሺ» አልኩት።

«አወቀችኝ!» ብሎ ለነርሷ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ አውቄዋለሁ።

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ ረጅም መንገድ እንዳልጓዝ፣ በሂደት ግን የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና እንደሚያስፈልገኝ ተናገረ። የሚናገረው ለወንድሜ ነው፤ እኔ በመካከላቸው ተኝቻለሁ። ወንድሜ ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ «እታለም፣ ትንሽ ሲሻልሽ አገራችን እንግባ፤ አይደል? ከእኔ ቤት ምን ይጎድልብሻል?» አለኝ።

ሐረርን መልቀቅ አልፈለግሁም። ምክንያቱን ተጠይቄ ቢሆን ያኔ በቅጡ ማስረዳት አልችልም ነበር። ሥራዬ እዚህ ነው፤ ክፍሌ እዚህ ነው፤ እዚያ ደግሞ የጋሼ ታናሽ እህት እንጂ ሌላ ነገር ሆኜ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ባለ በሌለ ኃይሌ፣ «እሺ» አልኩ። እንባዬ መጣ። ወንድሜ በነጠላው ጠረገልኝና ለሐኪሙ፣ «ደስ ብሏት ነው» አለው።

ጀጎል ውስጥ መኪና እንደ ልብ አይገባም። ከፈላና በር ጀምሮ የሰፈር ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አስገቡኝ። የተከራየኋት ክፍል የድሮ ቤት ክፍል ናት፤ ግማሽ ወለሏ ከጉልበት በላይ ከፍ ያለ መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ድሮ ፍራሼን የማነጥፈው እዚያ ላይ ነበር። አሁን መውጣት ስለማልችል ወንድሜ ታች አነጠፈልኝ። እሱ ራሱ የግቢው በረንዳ ላይ ሰሌን ዘርግቶ ይተኛ ጀመር።

የሚያበላኝ እሱ ነው። ሰውነቴን የሚያጥቡኝ እማማ ናቸው። ሁለቱም ሲበዛ ደጎች ነበሩ። ይሁንና ማን መቼ እንደሚያጥበኝ፣ ምን እንደምበላ፣ መስኮቱ ይከፈት ይዘጋ፣ ጠያቂ ይግባ አይግባ የሚወሰነው ከበሩ ውጭ ነው። ሲወሰን ይሰማኛል። ከዚያ ገብተው ይነግሩኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ።

ወንድሜ ወደ አገራችን ለመጓዝ ዕቃዬን ማሰናዳት ጀመረ። ሳይጠይቀኝ ያደረገው ነገር የለም፤ ይህን ልመስክርለት።

«ይሄ ምድጃ መንገድ ላይ ይሰባበራል፤ ለጎረቤት እንስጠው?»

«እሺ።»

«መጻሕፍቱስ? ለትምህርት ቤቱ ይሁኑ?»

«እሺ።»

«ለትምህርት ቤቱ እንደማትመለሺ ልንገራቸው? ሰው ይተኩ እንጂ፤ ልጆቹ መጎዳት የለባቸውም።»

«እሺ፣ እሺ፣ እሺ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ያስቸኩልሻል፤ ነገ እሄዳለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ሄዶ ነገራቸው። ምድጃው ሄደ፤ መጻሕፍቱም ሄዱ። በገዛ አፌ ቤቴን በተንኩት።

የቁም ሳጥኑ ዕለት ግን ነገሩ ተለወጠ። ቁም ሳጥኑን ከፍቺው በኋላ ለራሴ ያሠራሁት ነው፤ ከዚያ በፊት በሕይወቴ የራሴ የምለው ትልቅ ዕቃ ኖሮኝ አያውቅም። ሁለት ተሸካሚዎች ሊወስዱት መጡ፤ ልብሴን ወንድሜ አስቀድሞ በማዳበሪያ ከቶታል። ቁም ሳጥኑን አዘንብለው በፍራሼ አጠገብ ሲያሳልፉት ግራ እጄን ሰድጄ እግሩን ያዝኩት።

«እታለም፣ ልቀቂ እንጂ! አንቺው አይደለሽ እሺ ያልሽው?»

«እሺ» አልኩና አጥብቄ ያዝኩ። ወንድሜ ተንበርክኮ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሊያላቅቅ ሞከረ። ተሸካሚዎቹ ቁም ሳጥኑን በትከሻቸው እንደደገፉ ይተያያሉ። እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ እጮሃለሁ። እማማ ሥጋ የሌለበት የአብሽ መረቅ ይዘውልኝ ሊገቡ በሩ ላይ ደርሰው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ተዋት» አሉት ወንድሜን።

«እማማ፣ እሺ ብላ ነው እኮ። ትናንት ጠይቄያት ነው።»

«አፏ እሺ ይላል። እጇን እየው እስቲ። ወላሂ፣ ይሄ እጅ እሺ አላለም።»

ወንድሜ እጄን አየ። ከዚያ ፊቴን አየ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ሲያየኝ ነው የከረመው፤ ያን ቀን ግን መልስ እየጠበቀ ነበር ያየኝ። ተሸካሚዎቹን፣ «መልሱት» አላቸው። እነሱም መልሰው ግድግዳው ጥግ አስቀመጡት። ልብሶቼን ግን እስከ ማታ ከማዳበሪያው አላወጣቸውም፤ ግራ ተጋብቶ ነበር።

በሆስፒታሉ የምትሠራ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ቤቷ ከእኛ ሰፈር ብዙ ስለማይርቅ ከሥራ ስትወጣ ብቅ እያለች እጅና እግሬን ታንቀሳቅስልኝ ነበር። እማማ የሆነውን ሲነግሯት ፍራሼ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አለችኝ። «አንቺ ወንድ ነሽ?»

«እሺ።»

«ዛሬ ሐረር በረዶ ጥሏል?»

«እሺ።» አልኩና ሳቅሁ። ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ይመስለኛል።

ለወንድሜ ስታስረዳው አልተራቀቀችም። ጉዳቱ የመናገሪያውን ቦታ ነው የመታው አለችው፤ ቃሉ ሳታስበው ይወጣል፤ ስትሰማና ስታስብ ግን ደህና ናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «በግራ እጅሽ እንነጋገር» አለች። «ከዘረጋሽው አዎ፤ ከጨበጥሽው እምቢ። አፍሽ ያለውን ይበል፤ አንሰማውም።»

ቀጥላ የጠየቀችኝን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ከሁሉ አስቀድመሽ ምን መቻል ትፈልጊያለሽ?»

ወንድሜ መለሰላት። «እጇን! ጠመኔ የምትይዝበትን እጅ።»

«እሷን ነው የጠየቅሁት» አለችው፤ ለዘብ አድርጋ ነው። እኔ በግራ እጄ በክፍት በሩ ውጪውን አመለከትኩ። ግቢውን ነው? ጨበጥኩ። መንገዱን? ጨበጥኩ። እማማ ገባቸው። «መጸዳጃ ቤቱን ነው» አሉ። እጄን ዘረጋሁ።

መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ማዶ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በባልዲና በጨርቅ ነበር የምኖረው፤ ያንን የሚያነሱልኝ ደግሞ አሮጊቷ እማማ ናቸው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ አቀረቀረ። «እጅን የሚያህል ነገር ትታ…» አለ፤ አልጨረሰውም። ልጅቷ ግን የእግሬን ሥራ አስቀደመች። በኋላ ላይ ለእጄ በቂ ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ የተሻለ ይሆን ነበር ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» አለችኝ። ዛሬም ብጠየቅ የምመርጠው ያንኑ ነው።

ወደ አገር ቤት የመሄዱ ጉዳይ ግን በቀላሉ አልተፈታም። ወንድሜ እጄን ራሱ ለመጠየቅ ድፍረት እስኪያገኝ ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

«ከሐረር ልውሰድሽ?»

ጨበጥኩ።

በደንብ ያልሰማሁ መስሎት ይሁን አላውቅም፣ ገልብጦ ጠየቀኝ። «እዚህ መቅረት ነው የምትፈልጊው?»

ዘረጋሁ።

ተነሥቶ ወጣ። ከግቢው በር ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ማን ያጥብሽ? ማን ያብላሽ? እኔ ወፍጮዬ ተዘግቶ፣ ልጆቼን ትቼ እስከ መቼ እቀመጣለሁ? እሳቸው እናትሽ አይደሉም፤ ዘመድሽም አይደሉም። ደክሟቸዋል። ይሄን አስበሽዋል?»

አላሰብኩትም ነበር። የጠየቀው ሁሉ ትክክል ነው፤ በመዘርጋትና በመጨበጥ የሚመለስም አልነበረም። እጄን ጨብጬ ፍራሹ ላይ እንዳኖርኩት ቀረሁ። ወንድሜ እጄን አየና፣ «ግትር ነሽ፤ ድሮም ግትር ነበርሽ» አለኝ። ስድብ ሆኖ አልተሰማኝም። ከአደጋው ወዲህ ስለ ጠባዬ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ክረምቱ እስኪወጣ አብሮኝ ሊቆይ ወሰነ። እማማ ሶፊ ከሚባለው ገጠር አንዲት የሚያውቋትን ጎልማሳ ሴት አስመጥተው ጠዋት ጠዋት እንድታጥበኝ ተስማማን፤ ስንስማማ እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ እጄም ተጠይቋል።

ሁሉን ነገር እምቢ አላልኩም። ወንድሜ በየማለዳው ጠበል በጀሪካን ያመጣል። «ትጠመቂያለሽ?» ይለኛል። እዘረጋለሁ። እያማተበ ፊቴን ይረጨኛል፤ የቀረውን እጠጣለሁ። እማማም አንድ ቀን፣ «ዱዓ ላድርግልሽ ወይ፣ ልጄ? ካልፈለግሽ ግዴለም» አሉኝ። ዘረጋሁ። ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ከክፍሉ ግን አልወጣም። ልጅቷ መጥታ እግሬን ስታጣጥፈው ስትዘረጋው እየጮህኩ እሺ እላለሁ፤ እጄ ከተጨበጠ ታቆማለች። ሁልጊዜ ታቆማለች። ያንን ስላወቅሁ ይሆናል ብዙ ጊዜ ሳልጨብጥ ሕመሙን የቻልኩት።

ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ አመጣችልኝ። ቀኝ እጄን መያዣው ላይ በጨርቅ እናስረዋለን፤ በግራዬ እገፋለሁ። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ ደፉን ተሻግሬ እስከ በረንዳው፣ በመጨረሻ ግቢውን አቋርጬ እስከዚያች ቆርቆሮ በር ድረስ ደረስኩ። ሁልጊዜ ግን ከኋላዬ አንድ ሰው አለ፤ ወይ ወንድሜ፣ ወይ እማማ። ገብቼ በሩን ስዘጋ ውጭ ሆነው ያስላሉ።

አንድ ቀን ወንድሜ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ እማማ ሲሰግዱ፣ ብቻዬን ተነሣሁ። በደንብ ሄድኩ። ስመለስ ግቢው ውስጥ የፈሰሰ የልብስ ሳሙና ውሃ ነበር፤ መደገፊያው አዳለጠውና በግራ ጎኔ ወደቅሁ። ግንባሬ ተላጠ። የባሰው ግን ግራ እጄ ወለም ማለቱ ነው። ያበጠውን እጅ ወጌሻ አሸና በጨርቅ ጠቀለለው። መዘርጋትም መጨበጥም ቀረ።

«አየሽ?» አለ ወንድሜ። «አየሽ አይደል?»

መደገፊያውን ከክፍሌ አውጥቶ በረንዳው ላይ ከራስጌው አስቀመጠው። በዚህ ጉዳይ እማማም ከእሱ ጋር ሆኑ። «ያ አላህ፣ ብትሞችስ ኖሮ?» እያሉ ባልዲውን መልሰው አመጡ። ሁለቱም ስለ እኔ ደንግጠዋል፤ ሁለቱም ያስባሉ። እኔ ደግሞ የተጠቀለለ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣራ ጣራውን አያለሁ። ከአደጋው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ሳምንት ተስፋ የቆረጥኩበት ጊዜ የለም።

ልጅቷ ስትመጣ ግንባሬንና እጄን አየች። «መደገፊያዋ የት ሄደ?» አለች።

«ወሰድኩት» አለ ወንድሜ። «ወድቃ ሞታ ነበር እኮ!»

«ወድቃለች። የሚራመድ ሰው ይወድቃል» አለች። ወደ እኔ ዞራ፣ «እጅሽ አይሠራም አሁን። በዓይንሽ ንገሪኝ፤ አዎ ከሆነ ጨፍኚ። እንደገና መሞከር ትፈልጊያለሽ?»

ጨፈንኩ።

ወንድሜ አሁንም አልተነሣም። «እጇ ይዳንና ይታያል» አለ። በዚያች ቅጽበት የመጣብኝ ንዴት ከእግሬ ጀምሮ ነው የመጣው። አፌን ከፈትኩ፤ እሺ ልትወጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አምጣ» አልኩት።

እኔ ራሴ ማን እንደተናገረ ለማየት ልዞር ምንም አልቀረኝ።

«ምን አልሽ?» አለ።

«አምጣ!»

ተነሥቶ ሮጠ። መደገፊያውን በሁለት እጁ ተሸክሞ ሲገባ እያለቀሰ ነበር። እማማ በሩ ላይ ቆመው «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ልጅቷ ትስቃለች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣው እንዳያመልጠኝ ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቃላት በየተራ መጡ። በፊደል ተራ አይደለም፣ በሚያስፈልገኝ ተራም አይደለም። «ዝጋው» ቀድማ መጣች። «እማማ» ተከተለች። የልጅነት መዝሙር ሙሉውን ሳልሰናከል ስዘምር ወንድሜ ዳንሽ ብሎ ዘለለ፤ ወዲያው ውሃ ልጠይቀው ስል ውሃ የሚለው ቃል ጠፋኝ። «እምቢ» የምትለዋ ከብዙዎቹ በኋላ ነው የመጣችው፤ ስትመጣ ለሰሚ አስቸጋሪ ሆኜ ሰነበትኩ፤ ከፈለግሁትም ካልፈለግሁትም ነገር ጋር እሞክራት ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ወንድሜ ወደ አገሩ ሲሄድ እስከ ፈላና በር ሸኘሁት። የጀጎል መንገድ ጠባብነቱ ለእኔ በጀኝ፤ ስወጣም ስመለስም ግራ እጄ የሚደገፍበት ግድግዳ አለ። በሩ ጋ ስንደርስ ሻንጣውን አስቀመጠ።

«ስደውል አንቺ አንሺ» አለኝ። «ሌላ ሰው ደህና ናት እንዲለኝ አልፈልግም። ዝም ብትይም አንቺ ዝም በዪ።»

«አነሣለሁ» አልኩት። ቃሏን ለማውጣት ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሱም ቆሞ ጠበቀ።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ የእማማ ቁጥጥር ጠበቀ። አደራ ተቀብለዋልና በአደራ ቀልድ የላቸውም። ከግቢ ልወጣ ስል «የት ነው?» ይላሉ። የሰፈሩ ሱቅ ሄጄ ሳሙና ለመጠየቅ ቃሉን ስፈልግ፣ ከኋላዬ ደርሰው «ሳሙና ነው የምትፈልገው» ይላሉ። የፈለግሁት አንዳንድ ጊዜ ሳሙና አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ «መመለስ ታስቢያለሽ?» ሲለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ማዘጋጀት ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ እማማ፣ «ዘንድሮ አትችልም፤ ገና ናት» አሉት። እሱም አዝኖ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

በማግስቱ እሳቸው ሳይነሡ ወጣሁ። ፈላና በር ጋ ባጃጅ ቆሟል። ከአደጋው ወዲህ ብቻዬን ተሳፍሬ አላውቅም። ሾፌሩን «ቀስ» አልኩት፤ የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት ስላልቻልኩ በጣቴ እያመለከትኩ ደረስን። ለርዕሰ መምህሩ ያልኩት ይህን ነው፤ «ጥቂት ልጆች። ከሰዓት። በግራ እጄ… ሰሌዳ።»

በሒሳብ የደከሙ ተማሪዎችን ከሰዓት በኋላ እንድረዳ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ አልነበረም። በግራ እጄ የጻፍኩት ቁጥር እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጽሑፍ ነው፤ «ሲካፈል» የሚለው ቃል ደግሞ አልመጣም አለ። ቃሉን ስፈልግ ልጆቹ በደግነት ከየአቅጣጫው ይወረውሩልኛል፤ «ሲባዛ ነው? ሲደመር ነው ቲቸር?» ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን ጨበጥኩና ወደ ላይ አነሣሁት። ዝም አሉ። ቆየሁ፤ ቃሉ መጣ። ከዚያ ወዲያ እጄን ከጨበጥኩ መጠበቅ እንዳለባቸው አወቁ። ከመካከላቸው አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲጨንቀው የራሱን እጅ ይጨብጥ ጀመር፤ እኔም እጠብቃለሁ።

ቤት ለመቀየር የወሰንኩት በዚያው ዓመት ነው። ከጀጎል ውጭ፣ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ደረጃ የሌለው፣ መጸዳጃው ከውስጥ የሆነ አንድ ክፍል አገኘሁ። ለእማማ የነገርኳቸው ግቢው ውስጥ ጎመን እየቀነጠሱ ሳለ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት፤ የተናገርኩት ግን ግማሹን ነው።

«ምን በደልኩሽ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ነደባው ከብዶሽ ከሆነ ታች እናነጥፋለን፤ እስካሁንስ ታች አይደል የምትተኚው? ደፉንም አስፈርሳለሁ።»

«ደፉ… አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ይህን ጊዜ ግን ቃል አላቀበሉኝም። «እማማ፣ ሰው ሲጠይቀኝ… ራሴ… ልመልስ» አልኩ።

ጎመኑን መቀንጠስ ቀጠሉ። «እኔ አፍሽ ሆኜ ነበር እኮ፤ አፍ ስላጣሽ» አሉ። እውነት ነው። እሳቸው ባይኖሩ ቁም ሳጥኔም እኔም የዛሬን ሐረር አናያትም ነበር። ይህን ሁሉ መናገር ፈልጌ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እንዲያም ሆኖ አኮረፉ። ዕቃዬ ሲጫን ከክፍላቸው አልወጡም።

ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳ በሰሃን ላኩልኝ፤ ምስር ብቻ ነው፣ ሥጋ የለውም። ሰሃኑን ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ሙዝ ሞልቼ ራሴ ይዤ ሄድኩ። ኩርፊያው በዚያ አበቃ፤ ስለ ነገሩ ግን አላነሣንም።

ቀኝ እጄ አልተመለሰም፤ ጣቶቹ እንደተቆለመሙ ናቸው። የምራመደው በአንድ ምርኩዝ ነው። ስደክም ቃላት ይጠፉኛል፤ ስልክ ላይ ከፊት ለፊት ንግግር ይልቅ ይከብደኛል። ይህን የምጽፈው በግራ አውራ ጣቴ በስልኬ ነው፤ ብዙ ወራት ወስዷል። ወንድሜ ዛሬም ይደውላል። በቅርቡ ወፍጮውን ሸጦ ሱቅ ሊከፍት እንደሆነ ነግሮኝ ተቃወምኩት፤ ተጨቃጨቅን፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። ከዚያ መልሶ ደውሎ ጭቅጭቁን ካቆምንበት ቀጠለ።

ባለፈው እማማ አዲሱን ቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ መጡ። ምርኩዛቸውን ከእኔ ምርኩዝ አጠገብ አቁመው ክፍሉን ዞረው አዩ። መጸዳጃ ቤቱን ከፍተው ውሃውን ሞከሩ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አልጋሽ መስኮት ሥር ነው፤ ንፋስ ይመታሻል» አሉና የአልጋውን አንድ ጫፍ ይዘው ወደ ግድግዳው መግፋት ጀመሩ።

«እማማ።»

«ምን?»

«እዚያው… ይመለስ። ንፋሱን ወድጄው ነው።»

ጫፉን እንደያዙ ቆሙ። በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ አልተረጎሙልኝም። ከዚያ አልጋውን ጎትተው ወደ መስኮቱ መለሱት፤ ትራሱንም አስተካከሉና ይዘውት የመጡትን ምግብ ለማቅረብ ሰሃን የት እንዳለ ጠየቁኝ።